ትርንጎና የተጣበቀው ፍሪሲዮን

ትርንጎ መሞቷን የነገረኝ እድሪስ ነው። ወደ ከሰላ ከመጣሁ ወዲህ ደውሎልኝ አያውቅም፤ ስሙን ስልኬ ላይ ሳየው ገና ደነገጥኩ። ሰላምታዬን ሳያስጨርሰኝ በአረብኛ «ኡስታዝ፣ ትርንጎ ሄደች» አለኝ። ወዴት ልለው አፌን ስከፍት «አላህ ይማራት» ሲል ገባኝ። የጣላት ትኩሳት ነው። የተኛችው አራት ቀን ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ሱዳኖች ርክሻ የሚሉትን የአንድ ባጃጅ ካርቡራተር አልጋዋ ድረስ አስመጥታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ታጸዳ ነበር። እድሪስ ተኚ ብሎ ቢቆጣት «አንተ አሳምረህ ብትሠራው ኖሮ እተኛ ነበር» ብላዋለች። ይህን ሲነግረኝ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ግን ድምፁ ተሰበረና ስልኩን ዘጋው።

እኔ እትዬ ትርንጎ ነበር የምላት። ሃምሳዎቹን የጀመረች፣ አጠር ብላ ደንደን ያለች የጎንደር ቆላ ሰው ናት። ወደ ሱዳን የወረደችው በወጣትነቷ፣ ሰሊጥ ሊያጭዱ ለሚወርዱት፣ ሳሉግ ለሚባሉት የጉልበት ሠራተኞች ምግብ ልታበስል ነው። እዚያው እርሻ ላይ ትራክተር የሚጠግን ያገሯን ሰው አገባች። ገዳሪፍ ገቡና ከገበያው ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ሞተር ሳይክልና ርክሻ የሚጠገንባት ወርሻ ከፈቱ። ወርሻ ስል አራት ምሰሶ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ከፊቷ ራኩባ የሚሉት የአገዳ ዳስ ማለቴ ነው። ልጅ አልወለዱም። እሱ ሲሠራ እሷ ታቀብለዋለች። ኋላ ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ እሱ ቁጭ ብሎ ይናገራል፣ እሷ ትፈታለች። ደንበኛው ግን ገብቶ ሲወጣ የሚያመሰግነው እሱን ነበር።

ባሏ በሞተ በአርባው ማግስት እድሪስ መጣ። እድሪስ የገዳሪፍ ተወላጅ፣ በገበያው የታወቀ ሜካኒክ ነው፤ ያኔ ወዳጇ አልነበረም። መፍቻዎቹንና የጎማ መንፊያውን ሽጭልኝ አላት። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ባሏ የሞተባት ሴት ምን ታደርግበታለች ብሎ ነው።

«ምን ልታደርግበት ነው የምትገዛው?» አለችው።

«ልሠራበት ነዋ!»

«እኔም ልሠራበት ነው» አለችና የወርሻውን መዝጊያ እሱ ፊት ከፈተችው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። ሰው ሞተሩን እየገፋ ይመጣል፣ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ሰውዬው የለም?» ይላል። «ሰውዬው እኔ ነኝ» ትላለች። ግማሹ ሞተሩን አዙሮ ይሄዳል። እሷም ስድብ አትወረውርም፣ አትለምንም፤ ከኋላው ሆና «የኋላ ፍሬንህ ይጮሃል፤ እስከ ድልድዩ ካደረሰህ ጥሩ ነው» ትለዋለች። ከድልድዩ የሚመለሱ ነበሩ። እንዲህ እንዲህ እያለች ደንበኛ አፈራች።

ከቀሚሷ በላይ የባሏን ሰማያዊ ሸሚዝ ትለብሳለች። የፈታችውን ብሎን በባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ እንደ አፈታቱ ተራ ትደረድራለች። ሥራ ከመጀመሯ በፊት እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ የተበላሸውን ነገር ሁለት ሦስቴ ትዞረዋለች፤ ያን ጊዜ የሚያናግራትን ሰው አትወድም። «መፍታት ይደርሳል። በመጀመሪያ ሳትፈታው ምን እንደሚነግርህ ስማው» ትል ነበር።

እኔ እዚያው አገር ከስደተኛ ወላጆች የተወለድኩ፣ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ አስተርጓሚ የነበርኩ ሰው ነኝ። ስለ እኔ ይህ ይበቃል። ከትርንጎ ጋር ያቀራረበን ሞተር ሳይክል ነው።

ጦርነቱ ካርቱምን ካፈረሰ በኋላ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ተጥለቀለቀች። ቤንዚን ብርቅ ሆነ፤ መለዋወጫ ከየትም አይመጣም። የክሊኒኩን መኪና የታጠቁ ሰዎች ለግዳጅ ነው ብለው ወሰዷት፤ በዚያው ቀረች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ወደ ፋው ከተማ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ካምቦ ስልክ ተደወለ። ካምቦ የሚሉት በእርሻው መሃል ያለውን የሠራተኞች ሰፈር ነው። የደወለው የሠራተኞቹ አለቃ፣ ያገራችን ሰው ነበር። «ሲሳይ፣ ሰው እንደ ውኃ እየፈሰሰ አለቀብኝ» አለኝ። ሁለት ሰው ቀብረዋል። ሌሎቹ ራኩባ ስር ተዘርግተዋል፤ የሚጠጡት ሁሉ ተመልሶ ይወጣል።

ሐኪማችን ራሷ ከካርቱም ተፈናቅላ የመጣች ሱዳናዊት ነበረች። የተባለውን ስተረጉምላት አላስጨረሰችኝም። «ኮሌራ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ አለን። እዚያ አንድ ነርስ አለ፤ ይሰካላቸዋል። ነገ ካልደረሰ ግን ለማን እንደምንልከው አላውቅም» አለች።

ጥቁሩ መሬት ገና ስላልደረቀ መኪና ይውጣል። ትራክተር ያላቸው ሰዎች በሽታውን ፈርተው እምቢ አሉን። በእርሻዎቹ ድንበር ላይ ባለው የእግር መንገድ ግን ሞተር ሳይክል ያልፋል። ሞተር ደግሞ ነበረን፤ አለን ማለት ከተቻለ። ነጂው ጦርነቱ ሳይጀመር ወደ አገሩ ገብቶ ስለቀረ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ከማሽላ ጆንያ ኋላ ቆሟል።

ጎማውን ነፋን፣ ቤንዚኑን ቀየርን፣ ካንዴላውን ጠረግን፤ ሲረገጥ ተነሳ! እልል ማለት ነው የቀረን። ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ጨብጬ አንደኛ ማርሽ ሳስገባ ግን ወደፊት ዘለለብኝና ጠፋ። እንደገና አስነሳሁት። እንደገና ዘሎ ጠፋ።

እድሪስ ጋ ወሰድኩት። ሁለት ጊዜ ሞከረውና ራሱን ነቀነቀ። «ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል። አዲስ ያስፈልገዋል። አዲሱ የሚመጣው ከካርቱም ነው፤ ካርቱም ደግሞ...» ብሎ እጁን አየር ላይ አወናጨፈ። «ኸላስ፣ ይሄ ሞቷል ኡስታዝ። ብረቱን ሽጡት።»

እየገፋሁ ወደ ትርንጎ ወርሻ ሄድኩ። ላቤ ይንጠፈጠፋል። እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ዞረችው።

«ምን አሉህ?»

«ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል።»

«ስንት ጊዜ ነው የቆመ?»

«ሦስት ዓመት።»

«ታዲያ ቆሞ ምን አቃጠለው? የሚቃጠል እኮ የሚሄድ ነው። የቆመ ይጣበቃል።» ጎንበስ ብላ የሞተሩን የቀኝ ክዳን በጣቷ መታ መታ አደረገች። «እዚህ ውስጥ ዲስኮች አሉ፤ አንዱ ብረት፣ አንዱ ሻካራ፣ እንዲህ እየተደራረቡ ዘይት ውስጥ ይቀመጣሉ። ስትጨብጥ መላቀቅ አለባቸው። ዘይቱ ሲያረጅ ሙጫ ይሆንና ያያይዛቸዋል። አንተ ትጨብጣለህ፣ እነሱ አይሰሙህም።»

«እድሪስ ግን ሞቷል ነው ያለው።»

«እድሪስ እኔንም አይሆንላትም ብሎ ነበር።»

ለምን እንደምንፈልገው ስነግራት ሌሎቹን ሥራዎች ሁሉ ወደ ዳር ገፋቻቸው። የካምቦ ኑሮን እኔ አልነግራትም፤ ከዚያ ነው የመጣችው።

ከእጀታው ጀመረች። እኔን ጨብጥ አለችኝና እሷ ከታች፣ ገመዱ ሞተሩን የሚስብበትን ክንድ አየች። ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። ገመዱ በዝገት ተይዟል። ፈታችው፣ ከምሰሶው ላይ በቁሙ ሰቀለችው፣ በላስቲክ ቁራጭ ከላይ አፉን አስራ ዘይት አንጠበጠበችበት፤ ከታች ቀይ ውኃ እየመሰለ ወጣ። መልሳ አስገብታ ላላ ያለውን አጠበቀችው። አሁን ክንዱ ሙሉ ሄደ። አስነሳን፣ ማርሽ አስገባን፤ ዘለለ።

«ይሁን» አለች። የሞተሩን ዘይት ገለበጠችው። እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ወረደ። አዲስ ዘይት አድርጋ ሞተሩ እስኪሞቅ አስነሳችው፤ ከዚያ አጥፍታ ሦስተኛ ማርሽ አስገባችና እጀታውን በጎማ ክር ጨብጣ አሰረችው። «ግፋ!» አለችኝ። ወደፊት ገፋሁ፣ ወደኋላ ጎተትኩ። የኋላው ጎማ ግትር አለ። «ግፋ እንጂ! ምን ታቅፈዋለህ?» እኩለ ቀን ነው፤ የገዳሪፍ ፀሐይ አናት ትበሳለች። የወፍጮ ቤቱ ሰዎች ወጥተው ያዩናል። አንዱ «ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ሬሳ ነው የምትገፉት!» አላት። ዘወር ብላም አላየችው።

ያም አልሆነም። ቀሚሷን በሸሚዙ እጅጌ ወገቧ ላይ ሸብ አደረገችና ሞተሩ ላይ ወጣች። እኔ ከኋላ ሮጬ ገፋሁ፤ ማርሽ ውስጥ እንዳለ ተነሳና ይዟት ሄደ። እጀታውን እንደ ጨበጠች ቤንዚን ትሰጠዋለች፣ ወዲያው ፍሬን ትይዘዋለች፤ እያንገጫገጨ ገበያውን አቋረጠ። ፍየሎች ተበተኑ። በሦስተኛው ዙር መሪው አመለጣትና ከአንድ ራኩባ ጋር ተጋጨች። ሰው ሳቀ፤ የሳቁት ብዙ ነበሩ። ከአገዳው ውስጥ ወጣች፣ ክርኗ ደምቷል። ሞተሩን አቃናችና እየገፋች መጣች።

«ቢያንስ ሳይፈታ እንደማይላቀቅ አወቅን» አለችኝ። «አሁን እንፈታዋለን።»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቁጢጥ ብላ ሠራች። ክዳኑ ሲነሳ ከስሩ ዘይት እንዳያፈስ የሚደረገው ጓርኒሲዮን ተቀደደ። የሞላዎቹን ብሎኖች አንድ በአንድ ላላ እያደረገች አወጣች። ዲስኮቹ እውነትም እንደ አንድ ቁራጭ ሆነው መጡ። ለሳሉጎች ምግብ ታበስል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ያላት ስስ ቢላ አለች፤ በእሷ፣ ሻካራውን ላለመላጥ ትንፋሿን ይዛ፣ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። የብረቶቹን ዝገት በአሸዋ ወረቀት ጠረገች፤ መስታወት ላይ እያስቀመጠች የተጣመመ እንዳለ አየች። ሻካራዎቹን ዘይት ባለበት ሳፋ ውስጥ ነከረቻቸው። በተቀደደው ጓርኒሲዮን ፈንታ ከክሊኒኩ ያመጣሁትን የፈሳሹን ባዶ ካርቶን በምላጭ ቆረጠች። እኔ በየመሃሉ ከካምቦው የሚደወልልኝን አነሳለሁ። አለቃው «መጣችሁ?» ይላል። እየመጣን ነው እላለሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ የታጠቀ ሰው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። ሞተር ሳይክል እየሰበሰቡ ነበር። ወሬው ገበያው ውስጥ ስለተሰማ እድሪስም ከኋላቸው ተከትሎ ደረሰ።

«አንቺ ሐበሺያ፣ ይሄ ሞተር ለግዳጅ ይፈለጋል» አላት ሰውዬው።

ትርንጎ መልስ ሳትሰጥ እድሪስ ቀደመ። «ወላሂ፣ ይሄ የሞተ ነው! እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። አንጀቱ ሳፋ ውስጥ ነው፤ ምን ያደርግላችኋል?»

ሰውዬው ሳፋውን አየ፣ ባዶውን ሞተር አየ። ፊቱን አጨማደደና ሊሄድ ዘወር አለ። እፎይ ልል ነበር።

«አልሞተም» አለች ትርንጎ።

እኔ በሙያዬ አስተርጓሚ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን የሰው ንግግር ቀይሬ በተረጎምኩ ብዬ ተመኘሁ። አረብኛዋ ከኔ የማይተናነስ መሆኑ ነው የጎዳን።

«ምን አልሽ?»

«አልሞተም። ነገ ይሄዳል። የሚሄደው ግን የታመሙ ሰዎች ጋ ነው፤ ከእናንተ ጋር አይሄድም።»

እድሪስ ግንባሩን በእጁ መታ። ሰውዬው ቀረብ አላት። «አገሩ የማን መሰለሽ?»

«የአገሩን አልጠየቅኸኝም። ስለ ሞተሩ ነው የመጣኸው፤ ስለ ሞተሩ መለስኩልህ።»

ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። መፍቻው እጇ ላይ ነው፤ አላነሳችውም፣ አልጣለችውምም። ሰውዬው በጫማው ሳፋውን ገለበጠው። ዘይቱ አፈሩ ላይ ፈሰሰ፣ ዲስኮቹ ተበተኑ። ከዚያ ጓደኞቹን የፊት ጎማውን እንዲፈቱ አዘዛቸው። «ነገ ይሄዳል ካልሽ በአንድ እግሩ ይሂድ!» አላትና ጎማውን አስይዞ ሄደ።

ትርንጎ በጉልበቷ ተንበርክካ ዲስኮቹን ከአቧራው ለቀመች፤ ቆጠረቻቸው፤ ሙሉ ናቸው። ቤንዚን አምጡ አለች፣ ልታጥባቸው።

ያኔ ተናደድኩባት። «እትዬ፣ እድሪስ እኮ ሊያድነን ነበር! ዝም ብትይ ምን ነበረበት?»

ቀና አለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ እንባ ይሁን ቤንዚን አላውቅም። «እኔ ውሸት አልችልም ብዬ አይደለም። ስንቱን ዋሽቼ ነው እዚህ የደረስኩት። ግን በሕይወት ያለውን ነገር ሞቷል ሲሉ ዝም ካልኩ፣ ነገ ካምቦ ያሉትንም ሞተዋል ተዋቸው ይሉሃል። ባሌ ሲሞት እኔንም አበቃላት ብለውኝ ነበር። አልፈልግም! አንተ ደግሞ ቆመህ አትይ፣ ይሄን ጥረግ።»

በማግስቱ ማለዳ ስደርስ እድሪስ ራኩባው ስር ቆሟል። ትከሻው ላይ የፊት ጎማ አለ። ከራሱ ሞተር የፈታው ነው። አጠገቧ አስቀመጠው። ትርንጎም አላመሰገነችውም። «ያን ብሎን አቀብለኝ» አለችው፤ አቀበላት። የገበያው ሁሉ ዓይን እያየ እድሪስ ያን ጠዋት አቀባይ ሆኖ አረፈደ። ዲስኮቹን አንድ ሻካራ፣ አንድ ብረት እያደረገች ደረደረች፤ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ብሎኖች እያፈራረቀች ትንሽ ትንሽ አጠበቀች። ካርቶኑን ለጠፈች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ዘይት ሞላች።

አስነሳሁት። ጨበጥኩ። አንደኛ ማርሽ ሳስገባ ድምፅ ብቻ ሰማሁ፤ ሞተሩ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም፣ አልጠፋም። ቀስ ብዬ ስለቀው እንደ ጨዋ ወደፊት ተራመደ። እድሪስ በአድናቆት «ያ ሰላም!» ብሎ ጮኸ። ትርንጎ ግን «ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ፤ የፈሳሹን ካርቶኖች ራሷ ከኋላዬ አሰረቻቸው።

በእግር መንገዱ ሦስት ሰዓት ያህል ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ጭቃ ያዘኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ፍሪሲዮኑ ታዘዘኝ። ስደርስ አንድ የጭልጋ ሰው ጠዋት አርፎ አገኘሁ። ስሙን አለቃው ነገረኝ፤ ዛሬም በጸሎቴ አስበዋለሁ። ራኩባው ስር የነበሩት የቀሩት ግን ተረፉ። በዚያ ሞተር በሽታው እስኪጠፋ ድረስ ተመላለስኩ፤ አንድም ቀን አልዘለለብኝም። ሰው ሲያመሰግናት ትርንጎ «የእድሪስ ጎማ ነው ያደረሰው» ትል ነበር፤ እድሪስ ሲሰማ ደግሞ «ጎማ ብቻውን ይሄዳል እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሳይጨቃጨቁ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም፤ ሳይገናኙ የዋሉበትንም እንዲሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት እኔ ወደ ከሰላ ከመሄዴ አንድ ሳምንት በፊት ነው። ፖሊሶች የውጭ አገር ሰዎችን ከየገበያው እየሰበሰቡ አንድ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይመዘግቡ ነበር። ወረቀት ያገኘ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ያላገኘ ድንበር በሚወስደው ካሚዮን ይጫናል። እኔን ለማስተርጎም ጸሐፊው አጠገብ አስቀመጡኝ። ወረፋው ግቢውን ዞሮ በሩ ላይ ደርሷል፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል።

ተራዋ ደረሰና ትርንጎ መጣች፤ ከሥራ ላይ ነው የያዟት። ጸሐፊው ስሟን ጠየቀ፣ የመጣችበትን ጠየቀ። ሥራዋን ግን አልጠየቃትም፤ ቀና ብሎ አይቷት ራሱ ሞላው። ትርንጎ አረብኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም።

«ምን ጻፈ?» አለችኝ።

«ምግብ አብሳይ» አልኳት፤ ቶሎ ብዬ ደግሞ በአማርኛ «እትዬ፣ ተይው። ለወረቀት ነው» አልኩ። ካሚዮኑ በበሩ በኩል ይታየኛል።

«ለወረቀት ከሆነማ ትክክሉ ይጻፍ።» ወደ ጸሐፊው ዞረች። «ሜካኒክ ነኝ።»

«ሴት ሜካኒክ አላውቅም» አላት።

«አሁን አወቅህ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ከፈለገ ካሚዮኑ ላይ ሊያስጭናት እንደሚችል ነገራት። ትርንጎ ሁለቱን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቱ አጠገብ ዘረጋች፤ ጥፍሮቿ ስር የገባው ጥቁር ዘይት በሳሙና የሚለቅ አይደለም። ከወረፋው ቀና ቀና ያሉ ሰዎችን አየሁ። ጸሐፊው እጆቿን አየ፣ ወረፋውን አየ፣ ተነፈሰ፤ የጻፈውን ሰረዘና በላዩ ሌላ ጻፈ። ማኅተሙን መታበት።

ወረቀቱን አንስታ ወደ እኔ አዞረችው።

«አንብብልኝ።»

«ሜካኒክ» አልኳት።

«ጮክ በል፤ ወረፋው ይስማ።»

ተነሥቼ ቆምኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት።